የመቀመጥ ቀኖና

እድላዊት በሠላሳ አንድ ዓመት ዕድሜዋ እናቷ ሲቀመጡ አይታ አታውቅም። ማጋነን የመሰለው ሰው ጋይንት ሄዶ ከቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ያለውን መንደር ይጠይቅ። ወይዘሮ ካሣነሽ ምሳቸውን የሚበሉት በአንድ እጃቸው የበሩን መቃን ይዘው፣ ዐይናቸውን ከጥጃው ላይ ጥለው ነው። ባላቸው ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረችውን እድላዊትን ቆመው አሳደጓት፣ ቆመው አስተማሯት፣ ቆመው ሸኟት። አምና ወገባቸው እምቢ ብሎ ሐኪም ዘንድ ሲወሰዱ ሐኪሙ፣ «እናቴ፣ ካላረፉ ይኸ ወገብ አልጋ ላይ ያስቀርዎታል» አላቸው። ይህንንም ቆመው ሰሙት።

እድላዊት ወሬው በስልክ ሲደርሳት ዛንዚባር ነበረች። በዚያች የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት፣ ከአንድ ሆቴል ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ናት። አልቅሳ ሲወጣላት ቆረጠች፤ እናቷን አስመጥታ ለዐሥራ ሁለት ቀን ጣታቸውን እንዳያነሡ ታደርጋለች። ምን ጎደለ? ሰው ከዓለም ዳርቻ መጥቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ የሚጋደምበት አሸዋ ደጃፏ ላይ ነው። እናቷ ብቻቸውን አውሮፕላን ላይ አልወጣም ስላሉ ወንድማቸው ጋሽ አለበልም አብረው ተጋበዙ።

ጥር ዐሥራ ስምንት ደረሱ። ወይዘሮ ካሣነሽ የአገራቸውን ብርድ አምነው በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበዋል። ለልጃቸው የያዙት ቅቤ በሙቀቱ ቀልጦ በሶው ውስጥ ገብቷል፤ ሻንጣው ሲከፈት በሶው ራሱን በራሱ ለውሶ ጭብጦ ሆኖ ተገኘ። «ምን አለበት፣ ሥራ ቀለለ» አሉና አንድ እጅ ጨብጠው ለጉምሩኩ ሰውዬ አጎረሱት። ሰውዬው እያላመጠ አሳለፋቸው።

ጋሽ አለበል ዕረፍት የሚባለውን ነገር ለመልመድ ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። በሁለት ዛፎች መካከል የተወጠረች የመረብ አልጋ አዩ፣ ወጡባት፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ የሚወርዱት ምግብ ሲጠራቸው ብቻ ሆነ። የእድላዊትን የፀሐይ መነጽር ሰክተው፣ «ገነት እንዲህ ከሆነች፣ እስካሁን የሠራሁት ጽድቅ ይበቃኛል» ይላሉ።

እናቷስ? በማግሥቱ እድላዊት ቁርስ አቅርባ ብትጠራቸው አልጋው ተነጥፏል፣ ሰው የለም። ከባሕሩ ዳር አገኘቻቸው። የዘንባባ ዝንጣፊ ሰብስበው መጥረጊያ አሥረው አሸዋውን እየጠረጉ ነው። ባሕሩ የተፋውን ሣር ሁሉ ከምረውት የጤፍ ክምር አህሏል።

«እማዬ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ደጅሽ እኮ ነው ልጄ። እንግዳ ቢመጣ ምን ይላል?»

ከሰዓት በኋላ ውሃው ሞልቶ መጣና ክምሩን በታተነው። ወይዘሮ ካሣነሽ ወገባቸውን ይዘው ባሕሩን ገላመጡት። «ይኸ ባሕር ባለቤት የለውም?» አሉና እንደገና ጠረጉ። ባሕሩም እንደገና መጣ። ሁለት እልኸኞች ተገናኙ።

በነጋታው ደግሞ ውሃውን ቀመሱት። ከዚያማ ማን ይያዛቸው! «ይኸን ያህል ጨው ሜዳ ላይ ፈሶ ሰዉ ተጋድሞ ያየዋል?» ብለው በባልዲ እየቀዱ ጣዱት። ለጎረቤት፣ ለአበልጅ፣ ለሰንበቴው ድግስ የሚሆን ጨው ሲያፈሉ ዋሉና የእድላዊትን ጋዝ በአንድ ቀን ጨረሱት። ሲመሽ እግራቸው አብጦ፣ ወገባቸው አልቃና አለ። እድላዊት ለብ ያለ ውሃ ይዛ እግራቸውን ልታጥብ ብትቀርብ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ተይ፣ ለእኔ ብለሽ አትንበርከኪ። እጅ አለኝ፣ ራሴ እታጠባለሁ።»

እድላዊት ወጥ ቤት ገብታ ከድስቱ አንድ ሁለቴ ጎረሰችና አለቀሰች። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው ወገባቸውን ሊጨርሱ የመጡ መሰላት። እንዲህ ከሆነ ባይመጡ ይሻል ነበር።

ሃያ አንድ አስተርዮ ማርያም ሆነች። በበዓል እንኳ ያርፋሉ ብላ ተስፋ አደረገች። በእርግጥም ወይዘሮ ካሣነሽ መጥረጊያ አልነኩም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ጋይንት አዙረው ከባሕሩ ዳር ቆሙ። እስከ ቀትር ድረስ ቆሙ። «ታዲያ ማርያምን ተቀምጬ ላክብራት?» አሉ።

ይኼኔ እድላዊት ገባት። ይህችን ሴት የሚያስቀምጥ ሰው በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው፤ የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ኢየሱስ። እሳቸው የቤተ ልሔም ሊቅ ናቸው፤ ያለ መጽሐፍ አይናገሩም። ደውላ ነገሩን ስታስረዳቸው ከጀርባቸው የተማሪዎች ዜማ ይሰማት ነበር።

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«ተቀመጪ ብለው ቀኖና ይስጡልኝ አባ።»

«ያለ ኃጢአት ቀኖና አይሰጥም። እናትሽ ኃጢአቷ ምንድን ነው? ሥራ መውደዷ? እኔ በዚህ በሽበቴ የሐሰት ቀኖና አልሰጥም።»

«አባ፣ እግርሽን ልጠብሽ ብላት እንኳ እምቢ አለችኝ።»

አባ ተማሪዎቹን ዝም አሰኟቸው። «እስቲ ድገሚው። እግሯን እንዳይታጠብ ከለከለች?»

«አዎ አባ።»

«ጴጥሮስ እንኳ እግሬን አታጥብም ብሎ ተገሥጿል! ካሣነሽ ከጴጥሮስ ልትበልጥ ነው? ይኸማ የለየለት ትዕቢት ነው! ስልኩን ስጫት!»

ቀኖናው ተሰጠ። ሰባት ቀን ሙሉ፣ ከጧት እስከ ማታ፣ ተቀምጦ መዋል። መጥረጊያ፣ ድስት፣ ባልዲ አለመንካት። የቀረበውን መብላት፣ ልጅቱ እግር ስታጥብ ዝም ማለት። ወይዘሮ ካሣነሽ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«አባ፣ ስግደት ያድርጉልኝ። አምስት መቶ።»

«አይሆንም።»

«ሺ ይሁን!»

«መቀመጥ አልኩሽ!»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በማግሥቱ ወይዘሮ ካሣነሽ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ውሃው ዳር፣ መጋደሚያው ወንበር ላይ ዳኛ ፊት እንደ ቀረበ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እድላዊት «ጋደም በይ እንጂ እማዬ» ብትላቸው፣ «አባ ተቀመጪ እንጂ ተጋደሚ አላሉም» አሉ። ቤተ ልሔም ተደወለ፤ መጋደም ተጨመረ። ደግሞ ዝንብ መጥቶ አፍንጫቸው ላይ አረፈ፤ ወይዘሮ ካሣነሽ ንቅንቅ አላሉም። «ዝንብ እሽ ማለት ሥራ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አሉ በከንፈራቸው ጫፍ። እንደገና ተደወለ። አባ ገብረ ኢየሱስ ጥቂት አሰቡና፣ «አንዱን እሽ ትበል፤ መንጋ ከሆነ ግን ልጅቱ ታባርርላት» ብለው ፈረዱ። እድላዊት በዚያኛው እጇ ሰሃን፣ በዚህኛው ማራገቢያ ይዛ ስትሮጥ ዋለች።

ጋሽ አለበል ከመረባቸው ላይ ሆነው ሳቁ። «እህቴ፣ አይዞሽ፣ እኔ ይኸው አራት ቀኔ ነው፤ አይከብድም።»

«አንተ ደግሞ ያለ ኃጢአትህ የምትቀጣ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አሏቸው ወይዘሮ ካሣነሽ።

በቀኖናው ሦስተኛ ቀን እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አንኮራፉም። በአራተኛው ቀን ውሃው ሞልቶ መጥቶ እግራቸውን ነካው። እንደ ልማዳቸው እግራቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ቀኖናው ትዝ አላቸውና ተዉት። ውሃው ሄደ፣ ተመለሰ፣ በጣቶቻቸው መካከል አሸዋውን አጠበው። «እይው፣ ሳልጠራው መጥቶ አጠበኝ!» ብለው ሳቁ። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ እሳቸው ግን ዓባይንም አይተዋል፣ እንዲህ ያለ እግር አጣቢ ነው ያላዩት። እድላዊት እናቷ በጥርሳቸው ሁሉ ሲስቁ ያየችው ያን ቀን ነው።

በሰባተኛው ቀን፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል፣ ወይዘሮ ካሣነሽ ስልክ ጠየቁ። «አባን ጥሪልኝ፣ ልናዘዝ ነው። ድምፁን ከፍ አርጊው። የትም እንዳትሄጂ፣ ነገሩ አንቺንም ይነካል።»

እድላዊት ደውላ ስልኩን እጃቸው ላይ አኖረችና እስከ በሩ ብቻ ተመለሰች።

«አባ፣ ሌላ ኃጢአት ሠራሁ።»

«ተቀምጠሽ ምን ኃጢአት ይሠራል?»

«ቅጣቱ ጣመኝ።»

አባ ገብረ ኢየሱስ ሲያስሉ ተሰማ። «እሱን… መጽሐፍ አይቼ እነግርሻለሁ።»

«ሌላም አለ አባ። ሥራ ላይ ሆኜ አላየሁም ነበር፤ ስቀመጥ ጊዜ ነው ያየሁት። ይቺ ልጅ ከመጣን ጀምሮ አንድ ቀን ተቀምጣ እህል አልቀመሰችም። ከድስቱ ዳር ቆማ ነው የምትጎርስ። በአንድ እጇ የበሩን መቃን ይዛ፣ ዐይኗ እኔ ላይ ሆኖ። ከማን እንደተማረችው አውቀዋለሁ። ኃጢአቴ ይኸ ነው።»

እድላዊት ቀና ብላ እጇን አየችው። መቃኑን ይዟል። ቀስ አድርጋ ለቀቀችው።

«ለልጅቱም ቀኖና ሰጥቻለሁ» አሉ አባ ገብረ ኢየሱስ፤ ድምፃቸው ትንሽ ሰለል ብሏል። «እናቷ አጠገብ ትቀመጥ። እስከ ማታ።»

«ምሳውንስ ማን ያቀርባል አባ?» አለች እድላዊት፣ ልማድ አልለቅ ብሏት።

«አለበል የለም እንዴ?»

መረቧ መወዛወዟን አቆመች። «አባ፣ እኔ እንኳ ኃጢአቴ…» አሉ ጋሽ አለበል መነጽራቸውን እያወለቁ።

«ውረድ!»

ወረዱ። ወጡን ሲያሞቁ የባሕሩን ጨው በእፍኝ ጨመሩበት። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ባሕሩ እየመጣ አራት እግራቸውን ሲያጥብ፣ ከአንድ ሰሃን በሉት። ጨው በዝቷል ያለ ግን አልነበረም።