ወደ ስልክ የተላኩ ሽማግሌዎች

እኔ ፈንታሁን፣ የደብረ ታቦር ባጃጅ ነጂ፣ የራሴ አለቃ ነኝ። ይህን ያልሁት እኔ አይደለሁም፤ ሰጋር የሚባለው ድርጅት ነው። ሰዎቹ ከአዲስ አበባ መጥተው ሆቴል ሰበሰቡን፣ ለስላሳ አጠጡን፣ ኮፍያ አደሉን፣ «ከእንግዲህ አጋር ናችሁ፤ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ አለቃ ናችሁ» አሉን። አጨበጨብን። ከዚያ ቀን በፊት የነበረኝ አለቃ አንድ ብቻ ነበር፣ የባጃጁ ባለቤት ነስሩ። ከዚያ ወዲህ ነስሩም አለ፣ ሰጋርም አለ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ደግሞ በጣቱ የሚሾምና የሚሽር አለቃ ሆነ። እኔም ከአለቆቼ አንዱ ነኝ መሰለኝ፤ ሳዝዝ ግን የሰማኝ የለም።

ነገሩ ቀላል ነው። ሰው ስልኩን ይነካል፣ የእኔ ስልክ ይጮኻል፣ ካለበት አንስቼ ወደሚሄድበት አደርሰዋለሁ። ሲወርድ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጠኛል፤ ሰጋርም ከሒሳቡ ላይ ድርሻውን ያነሳል። ድሮ ድርሻ የሚያነሳው ተራ አስከባሪው ነበር። «ከዚህ ሌባ ማን በገላገለን» እንል ነበር። ተገላገልን። ተራ አስከባሪው ግን እግዜር ይስጠው፣ ፊት ነበረው። ስትሰድበው ይሰድብሃል፣ ስትታመም ሊጠይቅህ ይመጣል። ሰጋርን ለመስደብ ግን ኔትወርክ ያስፈልጋል።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከምዝገባው ግን አላዳነኝም። ኮፍያው ጥሩ ነበር።

ከተማው ቶሎ ለመደው። ሐኪም ቤት የሚሄደውም፣ ከገበያ የሚመለሰውም፣ እንግዳውን ጋፋት ሊያሳይ የሚወስደውም በስልክ ሆነ። መንገድ ዳር ቆሞ እጁን የሚዘረጋ ጠፋ። ሰጋር የሌለው ባጃጅ ጎማ ያለው ወንበር ነው፤ ጌታው ተቀምጦበት ይውላል።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ጠዋት መልእክት መጣልኝ። «ውድ አጋራችን፣ በተሳፋሪዎች ምዘና መሠረት የአገልግሎት ደረጃዎ ከሚፈለገው በታች በመሆኑ ግንኙነታችን ተቋርጧል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።» በዚህ ከተማ ውድ ተብሎና ተመርቆ የተባረረ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። መልካሙን ቀን ቤቴ ተቀምጬ ዋልሁ።

ነስሩ ማታ መጣ። «እስከ ሰኞ ካልተከፈተልህ ባጃጁን ለሌላ እሰጣለሁ። አትቀየመኝ ፈንታሁን፣ እኔም የልጆች አባት ነኝ» አለኝ። በእሱ አልተቀየምሁም። ያንገበገበኝ «ከሚፈለገው በታች» የሚለው ነው። እኔ የአሮጊት እህል ከነጆንያው እስከ ጓዳ የማስገባ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ይዤ የጉድጓዱን መንገድ በእንቁላል ላይ እንደሚሄድ የምነዳ ሰው ነኝ። ማን ነው የጠመደኝ እያልሁ ስገላበጥ አደርሁ።

ባለቤቴ ዝናሽ ግን ነገር አታካብድም።

«ሰው ሲጣላ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካል።»

«ወደ ማን?»

«ወዳባረረህ ነዋ።»

«ያባረረኝ ስልክ ነው።»

«እንግዲያ ወደ ስልኩ ይላካል» አለችኝ።

ሽማግሌ ከተባለ በሰፈራችን ሁለት ሰዎች አሉ፤ ቅኔ ያስቆጠሩት መሪጌታ ዘውዱና ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሸሪፍ። ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልዳኙት የድንበር ጠብ የለም። ሁለቱም እንደ ልጃቸው ይወዱኛል፤ ከእኔ ባጃጅ ሌላ አይሳፈሩም። መሪጌታ ልጃቸው የገዛችላቸውን ዘመናይ ስልክ ማንም እንዲነካካላቸው አይፈልጉም፤ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ይጠሩኛል፣ ራሳቸው ይመዝኑኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ውስጥ ተቀመጡ።

«ጥፋትህ ምንድር ነው ልጀ?» አሉኝ መሪጌታ።

«አልተነገረኝም።»

«ያለ ጥፋት ምሕረት እንዴት ይለመናል?»

«ግድ የለም መሪጌታ» አሉ ሐጂ ሸሪፍ፣ «ሰው ሆኖ ጥፋት አያጣም። አንዱን ይያዙለት።»

ባለፈው ክረምት የሐኪም ቤቱን ቁልቁለት በፍጥነት መውረዴ ተያዘልኝ። ቀጥሎ መሪጌታ ድንጋይ እንዳመጣ አዘዙ።

«በስልክ እኮ አያዩኝም መሪጌታ።»

«እነሱ ባያዩ እግዜር ያያል። በስልክ ነው ተብሎ ሥርዓት ይቀራል?»

ከአጥሩ ሥር አንዱን አነሳሁ። አነሰ ተባልሁ። ሐጂ ራሳቸው ተነስተው የሚመጥነኝን መረጡልኝ። የራሴ አለቃ የሆንሁት ሰውዬ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በርጩማ ላይ በተቀመጠ የገዛ ስልኬ ፊት ቆምሁ።

ወደ ሰጋር ደወልን፤ የመጠበቂያው ሙዚቃ ሲዘፍን ሲዘፍን ቆይቶ አንዲት ልጅ አነሳች። «ሰጋር፣ ሕይወት እባላለሁ፣ ምን ልርዳዎ?»

«እንደምን ዋልሽ ልጀ? ቤተሰቡ ደኅና ነው?» አሉ መሪጌታ።

«እ... ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሽማግሎች ነን። ልጃችን ፈንታሁን ያስቀየመ ቢሆን ድንጋይ ተሸክሞ ከፊትሽ ቆሟል።»

«ድንጋይ... እውነተኛ ድንጋይ?» አለች።

«ከባድ ነው» አልሁ እኔ ከሥር።

«አባቴ፣ የዘጋሁት እኔ አይደለሁም። ሲስተሙ ነው።»

«እሱስ ሽማግሌ አይሰማም?» አሉ ሐጂ።

«አይሰማም አባቴ።»

«በማን በኩል ነው የሚገኝ?»

«በእኔ በኩል ነው። ግን እኔንም አይሰማኝም» አለች።

ይህች ልጅ ከእኔ በምን ትሻላለች ብዬ አሰብሁ። ድንጋዩ ለጊዜው ቀለለኝ።

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አባቷ የጎረቤታችን የእስቴ ሰው እንደነበሩ፣ ትንሽ ልጅ ሳለች ድንጋይ ተሸክሞ የሚታረቅ ሰው አይታ ማልቀሷን ነገረችን። «እንዲከፈትለት ጥያቄውን ራሴ ጽፌ ዛሬውኑ ለኃላፊዬ አቀርባለሁ። በሉ ያውርደው።»

«ይማርህ በይው» አሉ መሪጌታ።

«እግዜር ይማርህ» አለችኝ። በምን እንደበደልኋት ባላውቅም ዓይኔ እንባ ሞላ። አጋር ከተባልሁ ጀምሮ ከሰጋር በኩል ሰው ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ስልኩ ሲዘጋ መልእክት ይመጣል፤ እኔን ትመዝኑኛላችሁ። ጥያቄውም ከምዘናው ጋር ተያይዞ ነው የሚቀርብ። እኛም እንደ እናንተው በኮከብ ነው የምናድር» አለች። «አደራ አባቴ።»

«አደራ በላ አይደለሁም ልጀ» አሉ መሪጌታ፤ መርቀው መርቀው ዘጉ።

ድንጋዩን አውርጄ ዝናሽ ማጅራቴን ስታሽልኝ መልእክቱ መጣ። መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው ስልኬን አነሱ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉ። «ይኸው፣ አደራዋን ተወጣሁ» አሉ ደስ ብሏቸው።

ተቀብዬ አየሁት። ሦስት ኮከብ።

«መሪጌታ፣ ሦስት ነው የሰጧት?»

«ሦስት። በሥላሴ ስም።»

«ከአምስት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እንዲህ ያለች ምስጉን ልጅ ላይ አምስቱን ደርድሬ ለሰው ዓይን ላጋልጣት? የሚወዱትን ሰው በአደባባይ እስከ ጥግ አያወድሱትም፤ ይበላል። አንተንስ እስከ ዛሬ በምን ጠብቄ ያቆየሁህ ይመስልሃል?»

ዝናሽ እጇ ማጅራቴ ላይ ቆመ።

«እውነታቸውን ነው» አሉ ሐጂ ሸሪፍ። «እኔም ማሻላህ ብዬ ሦስት ነው የምሰጥህ። ለሰፈሩም ነግረናል፤ ልጃችንን አታስበሉት ብለን። ሁሉም እሺ ብሎናል።»

ሁለት ሌሊት ጠላት ስፈልግ አድሬ፣ ለካ ጠላት የለኝም። ያባረረኝ የወደደኝ ሰፈር ነው። ምናልባት በሒሳብ ተጣልተን የተናነቅነው ሰውዬ አምስት ሰጥቶኝ ይሆናል።

«መሪጌታ» አልሁ፣ ድምፄን እየያዝሁ፣ «እነሱ ዘንድ አምስት ማለት ደኅና ነው ማለት ነው። ሦስት ማለት ይባረር ማለት ነው።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ቀጥሎ ሐጂን አዩ፣ ሐጂም መሬት መሬቱን አዩ። መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ እንዴ ያባረርሁህ?»

አይደሉም ማለት ነበረብኝ። ተናድጄ ስለነበር አላልሁም።

«ልጅቱስ?» አሉ ቀጥለው። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። «ውድ ደንበኛችን፣ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም። መልካም ቀን ይሁንልዎ።» የቤንዚን ወረፋ ሌሊት ሲያሳድረን፣ የሰጋር ወረፋ እኔን ለማባረር ሲሆን ዓይን እስኪርገበገብ አይቆይም።

መሪጌታ ነጠላቸውን ታጥቀው ተነሱ። ምን ሊያደርጉ ነው ስንል ድንጋዩን አቀፉ። ሐጂ «ኧረ በአላህ» አሉ፤ ዝናሽ ሮጠች፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ግን ማንንም አልሰሙም። ማጅራታቸው ላይ አደረጉት።

«ደውልልኝ።»

«መሪጌታ፣ ይተዉት፣ እኔ ይቅር ብያለሁ።»

«ካንተ ጋር በኋላ እንነጋገራለን። አደራ ያለችኝ እሷ ናት። ደውልልኝ።»

ደወልሁ። «ሁሉም ሠራተኞቻችን ሌሎች ደንበኞችን በማስተናገድ ላይ ናቸው። ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው። እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁን።»

«ሰማህ?» አሉኝ ከድንጋዩ ሥር፣ «ክቡር ነው አለች። አልተቀየመችም፣ ትመጣለች።»

«የተቀዳ ድምፅ ነው መሪጌታ። እባክዎ ያውርዱት።»

«እሷ ይማርህ ሳትለኝ አላወርድም።»

ንዴቴ የት እንደሄደ አላውቅም። ሐጂ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ገብተን ድንጋዩን ከሥር ደገፍነው። ዝናሽ ስልኩን ወደ መሪጌታ ጆሮ አስጠጋች። ሙዚቃው አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።