ሳታይ የፈረመችው ካርድ

ዴላኒ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጣቷን አጣች። መሰርሰሪያው ማሽን ጓንቷን ጠምጥሞ ወሰደው፣ ጣቶቿም አብረው ሄዱ።

አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤቷ የሮቦት ቡድን ውስጥ ከገባች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ውድድሩ ጥር ላይ ነው የሚጀመረው፤ እስከዚያ አዲሶቹ ልጆች መሣሪያ ይለማመዳሉ። ካርዱ ላይ ሳይፈረምለት ማሽን የሚነካ የለም። የሚፈርመው ነባር ተማሪ ነው፣ ያውም አጠገቡ ቆሞ ሲሠራ ካየው በኋላ። በዴላኒ ካርድ ላይ ያለው ፊርማ የቡድኑ ካፒቴን የብሪን ነው።

ብሪን አላየችም። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ዴላኒ ደግሞ ፈጣን ናት።

"አባቴ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ፈርሚልኝና ልለፍ" አለቻት።

"ጉራሽን ጨረስሽ? በይ ሂጂ" ብላ ፈረመችላት። በቃ፣ ይኸው ነው።

መሰርሰሪያ ላይ ጓንት አይደረግም። ባዶ እጅ ያመልጣል፣ ጓንት ግን ይጠመጠማል። ይሄ የመጀመሪያው ቅዳሜ ትምህርት ነው። ዴላኒ ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ቀርታለች። የቀረ ሰው ደግሞ ያመለጠውን ከፈራሚው ነው የሚሰማው። ዱሉት ከተማ ላይ ብርዱ ጀምሯል፤ ወርክሾፑም ማሞቂያ አልተከፈተለትም። በርዷት ነው ጓንቱን ያደረገችው።

ሰኞ ብሪን ወርክሾፑ ስትገባ ሚስተር ሌህቶ ዕቃቸውን ካርቶን ውስጥ እየከተቱ ነበር። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከባቡር ጥገና ጡረታ ከወጡ ጀምሮ አሥራ ስድስት ዓመት እዚህ በነጻ አስተምረዋል።

"መጣሽ ካፒቴን? ያንን መለኪያ አቀብይኝ። የራሴ ነው፣ እየሰረቅኩ አይደለም።"

"የት ሊሄዱ ነው?"

"ቤት ነዋ። ሚስቴ ደስ ይላታል። ለሁለት ቀን።"

ብሪን አልሳቀችም። "አባረሩዎት?"

"ርእሰ መምህሯ ጠርተውኝ ስለ ጓንት ለልጆቹ ነግረሃቸዋል ወይ አሉኝ።" መለኪያውን በጨርቅ ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ መልሰው ጠቀለሉ። "አዎ ልል ነበር። ከዚያ ካርዱን አሳዩኝ። ፊርማሽን አየሁት። አንቺ ሳታዪ አትፈርሚም። ጓንቱን ካላስወለቅሻት ክልክል መሆኑን አታውቂም ማለት ነው፣ ካላወቅሽ ደግሞ እኔ አልነገርኩም። ረስቼ ይሆናል አልኳቸው።"

"እንደዚያ አሉ?"

"ምን ልበል? ባለፈው ድስት ጥጄ ወጥቼ ሄጃለሁ። አባቴንም እንዲሁ ነው የጀመረው። በመጨረሻ እኔን እንኳ የማን ልጅ ነህ ይለኝ ነበር።"

ብሪን ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዋ ላይ ካፒቴን ነኝ ብላ ጽፋለች፤ የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፉላትም እሳቸው ናቸው።

"አላየሁም" አለች።

"ምኑን?"

"ዴላኒን። ሳላያት ነው የፈረምኩት። እርስዎ ነግረውናል። በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሦስቴ። የሉካስን ጓንት ከእጁ መንጭቀው ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፣ 'እናትህ ሌላ ጣት አትወልድልህም' አሉት። ሁላችንም ሳቅን።"

ሚስተር ሌህቶ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ብያለሁ?"

"ብለዋል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሉካስን ይጠይቁት። እስከ ዛሬ እንዳኮረፈ ነው።"

ፊታቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። "እንግዲያ አልረሳሁም" አሉ። ብሪን ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። አልተቆጧትም፤ እሱ ነው የባሰባት።

"ብትነግሪያቸውም አይመልሱኝም" አሉ። "ትልቁ ሰው እኔ ነበርኩ። አንቺም ትጎጃለሽ። የልጅቷም ጣት አይበቅልም።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ቤትሽ ግቢ።"

ብሪን ኮሪደሩን አቋርጣ የርእሰ መምህሯን በር አንኳኳች።