ስም የለሹ ዱላ

ወንድሜ ዳልጮ ሰው የሚመዝነው በዱላው ነው። ዱላ ስል የጎልፍ ዱላ ማለቴ ነው። እሱና ጓደኞቹ «ክለብ» በይ እያሉ ብዙ ጊዜ አርመውኛል፤ እኔ ግን ከብት መንጃም ሆነ ኳስ መምቻ፣ እጀታ ያለውና የሚወዘወዝ ነገር ዱላ እንደሚባል ነው የማውቀው። በዚህ ዕድሜዬ ለእነሱ ብዬ ስሙን አልቀይርም።

ጎልፍ አርባ ምንጭ ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ካለ እውነቱን ነው። ከሴቻ ሰፈር ወጣ ብሎ፣ ዓባያና ጫሞ ሁለቱም ከሚታዩበት ጉብታ ላይ አንድ የሎጅ ባለቤት ለእንግዶቹ ብሎ ሣሩን አሳጭዶ ጥቂት ጉድጓዶች አስቆፈረ። እንግዶቹ ሐይቁን ፎቶ አንስተው፣ አሳቸውን በልተው ይሄዳሉ እንጂ ሜዳውን ዞር ብለው አላዩትም። ወንድሜ ግን አየው። ጡረታ በወጣ ማግስት ከሜዳው ጋር ተዋወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ወዴት ነህ ብዬው አላውቅም። እሱን ተከትለው ክንፉ የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ ገነነ የስፖርት መምህሩ፣ ይፍሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ገቡበት። ከእነሱ ሌላ የማይቀረው ዝንጀሮው ብቻ ነው። ከጫካው ወጥቶ ኳስ ያነሳና ይሄዳል፤ እሱም የትኛውን ሥሪት ኳስ እንደሚመርጥ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ።

ሲጫወቱ ካየኋቸው ሲከራከሩ የሰማኋቸው ይበዛል። ክርክራቸውም የማን ሥሪት የተሻለ ስም አለው የሚል ነው። ወንድሜ የታይትሊስት ሰው ነው፤ የሚችል ሰው ሌላ አይዝም ይላል። ክንፉ በካላዌይ ይምላል። ካላዌይ ይምራል ባይ ነው፤ ኳሱን አበላሽተህ ብትመታው እንኳ ዱላው ራሱ ጥፋትህን ያቃናልሃል። ይህን ሲሰማ ይፍሩ ይቆጣል፤ ምሕረት የሚገኘው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም ፋብሪካ አይደለም ይላል። እሱ ራሱ ግን ስለ ሚዙኖ ሲያወራ ስብከት የጀመረ ነው የሚመስለው፤ ጃፓኖቹ የቀጠቀጡት ብረት ኳስ ሲነካ ቅቤ ነው ይላል። ገነነ ደግሞ ፒንግን የሚያህል የለም ባይ ነው፤ ፒንግ እንደ ልብስ በልክ ይሰፋልና። የገነነን ሱሪ በልኩ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ በዚህ ላይ አስተያየት አልሰጥም።

እርስ በርሳቸው ቢከራከሩ ምን ገዶኝ። የከፋው ነገር ወደ ፀዳለ ሲመጣ ነው።

ፀዳለ የወንድሜ አንድ ልጁ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሁን ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ሲላስን ወደደች። ሲላስ የገረሴ ከተማ ልጅ ነው፤ እዚሁ ውሃ ምሕንድስና ያስተምራል፣ መዘምራን ውስጥ ያገለግላል፣ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ወንድሜ እንዲወደው ብሎ ጎልፍ ጀመረ። ዱላዎቹን አዲስ አበባ ከልባሽ ተራ ለቃቅሞ ነው ያመጣቸው፤ የረጅሙ ዱላ ስም በአገልግሎት ብዛት ተፍቆ ጠፍቷል። የመጀመሪያ ቀን ወንድሜ ዱላውን ተቀብሎ አገላበጠና የማን ነው ብሎ ጠየቀው። ልጁ የእኔ ነው አለ። የአንተ መሆኑንማ አየሁ፣ ሥሪቱ የማን ነው አለው። ሲላስ እንደማያውቅ ነገረው። ወንድሜ ዱላውን የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣቱ መለሰለት።

ፀዳለ ልቧን የነገረችው ዕለት አባቷ የተናገረውን እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ።

«ስም የለሽ ዱላ የያዘ ሰው ስም የለሽ ቤት ነው የሚያቆመው» አላት። «ስም ያለው ይያዝና ይምጣ። ያን ቀን እሰማዋለሁ።»

ልጄ አለቀሰች። እኔ ተናደድኩ፤ ወንድሜ ባይሆን ኖሮ የሚገባውን እነግረው ነበር፤ ወንድሜም ሆኖ ጥቂቱን ነግሬዋለሁ። እሷ ግን አባቷን ታከብራለች፤ ሽማግሌ ልኮ እምቢ ከተባለ ከአባቴ ቃል አልወጣም አለች። ሲላስም እምቢ ከተባለ ሌላ አገር ተዛውሮ እንደሚሄድ ነግሯታል። ስለዚህ ያለው ዕድል አንዴ ሽማግሌ መላክ ነበር፤ እሱ ከተበላሸ ሁሉም ተበላሸ።

ሲላስ ገረሴ ውስጥ ነገር አዋቂ አጎቶች አሉት። እነሱን በመላክ ፈንታ ግን ተራቀቀ። ጋሽ ዳልጮ የሚሰማው የጎልፍ ሰው ነው ብሎ ክንፉን፣ ገነነንና ይፍሩን ላከ። ሽማግሌ ተብሎ የሚላክ ነገር የሚይዝ ሰው ነው፣ ዱላ የሚይዝ አይደለም ብዬ ለፀዳለ ነግሬያታለሁ። አልሰሙኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ከሜዳው በቀጥታ በክንፉ ፒካፕ መጡ። የዱላ ከረጢቶቻቸው እንዳሉ ከኋላ ተጭነዋል። ሲላስን ከእነከረጢቱ አሳፍረውት መጥተው እሱን መታጠፊያው ላይ ካለው ጭማቂ ቤት ጣሉት፤ ከረጢቱ እዚያው ፒካፑ ላይ ቀረ። እኔና ፀዳለ የጫሞ አሳ ጠብሰን፣ ዳታውን፣ የቃሪያ ማባያውን፣ አዘጋጅተን፣ የወጥ ቤቱን በር ገርበብ አድርገን ጆሯችንን አቁመናል።

አመጣጣቸው ደንበኛ ነበር፤ አልዋሽም። ጉዳይ አለን፣ ትሰሙናላችሁ ወይ ብለው ቆሙ። ወንድሜ እንሰማለን፣ ተቀመጡ አላቸው። ይፍሩ ጸለየ። ፀዳለ እጄን ያዘችኝ። ክንፉ ጉሮሮውን ጠረገና ልጃችን ሲላስ ብሎ ጀመረ። ትምህርቱን ተናገረ፣ ቤተሰቡን ተናገረ፣ ትዕግሥቱን ተናገረ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ዛሬ የማወራው አይኖረኝም ነበር። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና አላቆመም።

«ባጭሩ» አለ ክንፉ፣ «ልጁ ካላዌይ ነው። ሌላው ሲሳሳት ይምራል።»

ገነነ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ካላዌይ ስትለው አሳነስከው፣ እንዲህ ያለ በልክ የተሠራ ልጅ ፒንግ ነው አለ። ይፍሩ እስካሁን ዓይኑን ከጸሎት በቅጡ አልገለጠም፤ እዚህ ላይ ገለጠው። ሁለታችሁም ስታችኋል፣ ጨዋነቱን ለተመለከተ ልጁ ሚዙኖ ነው አለ። ወንድሜ እንደ ልጅ አባት ኮስተር ብሎ መቀመጥ ሲገባው ሳቀባቸውና ስለ ጥሩ ሥሪት እናንተ ምን ታውቃላችሁ ብሎ ከመኝታ ቤቱ የራሱን ከረጢት ጎትቶ አወጣ። ትንሽ ቆይቶ አራቱም ጓሮ ነበሩ።

ጓሯችን ውስጥ በሁለት ማንጎ ዛፎች መካከል የአሳ መረብ ተወጥሯል። ወንድሜ ከጫሞ አስጋሪዎች አሮጌውን ለምኖ ያመጣው ነው፤ ኳስ እየመታ እዚያ ውስጥ ይከታል። ከመረቡ ፊት ለፊት ጠዋት ጠዋት የሚያጠጣው ትንሽ ሣር አለ፤ እኔ እንኳ ልብስ ሳሰጣ እንዳልረግጠው እጠነቀቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ከፒካፑ ከረጢታቸውን አራገፉ፤ የሲላስንም አብረው አራግፈው አጥሩ ሥር ጣሉት። ኳሱ ይጮኻል፣ እነሱ ይጮኻሉ፣ አሳው ይቀዘቅዛል። ሲላስ ከጭማቂ ቤቱ ምን አሉ ብሎ መልእክት ላከ። ፀዳለ ስለ ፒንግ እያወሩ ነው ብላ መለሰችለት፤ ከዚያ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እንዲያ ስታደርግ ሳያት ተነሳሁ።

ወጥቼ የመጣችሁበት ጉዳይ እንዴት ሆነ ብላቸው ገነነ እየመጣን ነው፣ አንዴ ይቺን ብቻ አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወንድሜማ ጭራሽ ብሶበት ዓይኔን ብትሸፍኑኝ እንኳ የራሴን ዱላ ከሺህ እለየዋለሁ አለ። ሦስቱም እኛስ ብንሆን አሉ።

ፀዳለ ይህን ስትሰማ ከኋላዬ መጣች። እንባዋን ጠርጋለች፤ ፊቷ ላይ ያለውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ስትሆን ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ይሰበራል።

«እኔ እሸፍናችኋለሁ» አለች። «ዱላውንም እኔ አቀብላለሁ። የማንም ወገን አይደለሁም።»

ከቁም ሣጥኔ ነጠላ የተባለ ሁሉ ወጣ። አራት የተከበሩ ሰዎች ዓይናቸውን በነጠላ ታስረው ጓሮዬ ውስጥ በረድፍ ቆሙ። ያችን ሰዓት እግዚአብሔር አይንፈገኝ፤ ሲከፋኝ አስባታለሁ።

መጀመሪያ ክንፉን መርታ ሣሩ ላይ አቆመችውና የራሱን ካላዌይ ሰጠችው። ዳበሰው፣ ወዘወዘው፣ መታ። ይህ የሌላ ሰው ነው ብሎ መለሰላት። ቀጥላ ወደ አጥሩ ሄዳ ከሲላስ ከረጢት ረጅሙን ዱላ መዘዘች። እኔ አፌን በቀሚሴ ጫፍ ያዝኩ። ክንፉ መታና ፊቱ በራ። ይሄ ነው፣ ምሕረቱን አልሰማችሁም ወይ፣ ካላዌይ ነው አለ። ፀዳለ ዱላውን ተቀበለችው፣ እጀታውን በቀሚሷ ጠረገችና ያንኑ ለገነነ ሰጠችው። ገነነ ኳሱን ጭራሽ ሳተው፤ አየር ብቻ ነው የመታው። ቢሆንም ነፋሱ ራሱ ይናገራል፣ ይሄ በልኬ የተሠራው ፒንጌ ነው አለ። ይፍሩ ያንኑ ተቀብሎ መታ፤ ቅቤ ነው አለ፣ ሚዙኖ ነው አለ፣ ጌታ ይመስገን አለ።

ወንድሜ መጨረሻ ነበር። እጀታውን ሲጨብጠው ጊዜ ወሰደ። መታ፤ ኳሱ መረቡን አንቀጥቅጦ ማንጎ አረገፈ።

«ይሄን» አለ ወንድሜ፣ «መቃብር ውስጥም ብትሰጡኝ አውቀዋለሁ። የእኔ ነው። ታይትሊስት ነው።»

ነጠላዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁላቸው። ፀዳለ ያንን የተፋቀ ዱላ በሁለት እጇ ይዛ ፊታቸው ቆማለች። የአራቱም ስመ ጥር ዱላ አጥሩ ሥር ተጋድሟል። ሁሉም ዱላውን አዩት፤ ከዚያ አንዱ ሌላውን አየው። ገነነ ሱሪውን ከፍ አደረገ።

«አባዬ» አለች ፀዳለ፣ «ስም ያለው ዱላ ይዞ ይምጣ ብለኸኝ ነበር። ይሄ የሲላስ ዱላ አንድ ስም ጎድሎት ነበር፤ ዛሬ አራት ሆናችሁ አራት ስም ሰጣችሁት።»

ወንድሜ ጆሮው ድረስ ቀላ። ይህ ማታለል ነው አለ። እኔ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ወደ ሆድ አይመለስም አልኩት። ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረና መራመድ ጀመረ። በሩን ቢዘጋ ያ የልጄ ነገር እዚያው ይዘጋ ነበር።

ያን ጊዜ ይፍሩ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ትዝ አለው። ስለ ብረትና ስለ ጃፓን ሲያወራ የዋለው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ከዚያ ወንድሜ ከሚያጠጣው ሣር አንድ እፍኝ ነቀለ፣ በሁለት እጁ ያዘውና ወንድሜ መንገድ ላይ ተንበረከከ። ክንፉም ነቀለ፣ ገነነም ነቀለ፤ ሦስቱም እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ። ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ ሣር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ አልፈኸው አትሄድም። አባታችንም አያታችንም አላለፉትም። ጦር የያዘ እንኳ ጦሩን ጥሎ ይመለሳል።

ወንድሜ ቆመ። ከዚያ የተነቀለውን ቦታ አየ።

«ይፍሩ» አለ፣ «ከመላው አርባ ምንጭ ሣር አጥተህ የነቀልከው ከዚያ ላይ ነው?»

«እርጥቡ እሱ ነበር» አለ ይፍሩ ሳይነሳ። «ልጅህን ለልጃችን።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ከእጁ ተቀበለና አቅፎ አነሳው። ልጁ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ጭማቂ ቤት አለች ፀዳለ፤ ይህን ብላ እኔ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። አሳው ሳይቀዘቅዝ ይምጣ አለ ወንድሜ። አሳው ከቀዘቀዘ ቆይቷል አልኩት።

ለሙሽሪት አባት በወጉ የሚሰጠው ጋቢ ነው፤ ሲላስ እሱን ሊያመጣ አስቦ ነበር። ወንድሜ ጋቢ አለኝ አለ፤ ሳያፍር ዱላውን ጠየቀው። ሲላስ ፀዳለን አየት አደረጋትና ሰጠው። እንዲህ ሆኖ ልጁ ሚስት አግብቶ ዱላ አጥቶ ቀረ፤ ባሎች ሁሉ እንዲህ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።

በቀደም ከሐዋሳ ጎልፍ ተጫዋቾች መጥተው ነበር። ለወንድሜ ምሳ ላደርስ ሜዳው ድረስ ሄጄ ስደርስ ኳሱን ከሁሉም አርቆ ሰዶታል። አንደኛው እንግዳ ዱላውን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ስም ፈለገ፣ አጣ። ሥሪቱ የማን ነው ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ የዱላውን ጫፍ በሸሚዙ እጅጌ ወለወለው።

«የአማቼ ነው» አለ።

ታይትሊስት ሲል እንኳ እንዲህ ኮርቶ ሰምቼው አላውቅም።