ፀሐይ በየትኛው ፀ

ፍሬምናጦስ ሰመራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይጠግናል። የጎጃም ልጅ ነው፤ ለድቁና ብሎ የኔታ እግር ሥር ሦስት ዓመት ተቀምጧል። ድቁናው ቢቀርም አንድ አመል ተርፎታል፤ የተሳሳተ ፊደል ካየ እህል አይወርድለትም። የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳይቀር በእስክሪብቶ ያርማል። የቢሮው ጸሐፊ ደብዳቤ ባሳየችው ቁጥር ፈተና የተቀመጠች እንደሚመስላት ትነግረዋለች።

አንድ ቀን አጠገቡ ባለችው ሎጊያ ከተማ ፔንሲዮን ያላቸው እትዬ ሰዓዳ አስጠሩት። አዋሽ ቢሮ ያለው አንድ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ማኅበር፣ ሾፌሮቹ ጅቡቲ ሲመላለሱ የሚያርፉበትን ቤት ሊመርጥ ነው። ሾፌሮቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ በስልካቸው አልጋ መያዝ አለባቸው። እንግሊዝኛ ስለሚያስቸግራቸውም የድረ ገጹ አድራሻ ራሱ በአማርኛ ይሁን ተብሏል። እትዬ ሰዓዳ አሥራ አራት ክፍል አላቸው፤ ማዶ ትልቁ ሆቴል ከተከፈተ ወዲህ አሥሩ ባዶውን ነው የሚያድረው። ይህ ካመለጣቸው ቤቱን ዘግተው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ እህታቸው ዘንድ ሊመለሱ ቆርጠዋል። ይህንንም ሳይደብቁ ነገሩት።

አድራሻው ምን ይባል ቢላቸው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ነዋ አሉት። ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም «ጸሀይ ፔንሲዮን» ይላል። ፍሬምናጦስ ቀና ብሎ አየና ልቡ ቁስል አለ። ፀሐይ በጸሎቱ ጸ! ፊደሉ እኮ ስሙን ያገኘው ከራሷ ከፀሐይ ነው፤ ፀሐዩ ፀ ይባላል። በዚያ ላይ ሐመሩን ሐ ትቶ ሃሌታው ሀ። ፊት ለፊታቸው ምንም አልተነፈሰም። ሰመራ ሲመለስ ግን በትክክለኛው ፊደል «ፀሐይፔንሲዮን» ብሎ፣ ነጥብ ኮሙን ጨምሮ አስመዘገበ። ውለታ የዋለላቸው ስለመሰለው መንገሩንም አላሰበው።

ከዚያ የብሮውዘር ጣጣ መጣ። ኢንተርኔት ሆዱ ውስጥ የኛን ፊደል አያውቅም፤ አማርኛውን ወደ ላቲን ፊደልና ቁጥር ለውጦ ነው የሚይዘው። ደህናው ብሮውዘር ለዐይን መልሶ አማርኛ ያደርገዋል። ሰነፉ እንዳለ ይተወዋል። በፍሬምናጦስ ስልክ አድራሻው አምሮበት ወጣ። በቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ግን ኤክስ፣ ኤን፣ ሁለት ሰረዝ፣ ከዚያ እንደ ሻንሲ ቁጥር የተደረደረ ኮተት ሆነ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥን ብቻ። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ደስታው ሊንኩ ተልኮላቸው ያንን ኮተት ሲያዩ፣ ይኼ የሌባ አድራሻ ነው ብለው አጠፉት።

ፍሬምናጦስ እልህ ያዘው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፎንት ሲጭን፣ ብሮውዘር ሲያድስ፣ ለአቶ ደስታው በስልክ ይህን ይንኩ ያንን ይተዉ ሲል ከረመ። በመጨረሻ የአቶ ደስታው ኮምፒውተርም ስልክም አማርኛውን አወጡለት። ደስ ብሎት ለእትዬ ሰዓዳ ደወለ። እሳቸውም አልሐምዱሊላህ ብለው አንሶላ ሊያሳጥቡ ተነሡ።

የምርጫው ዕለት፣ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ደስታው ደወሉ። ኮሚቴው ተሰብስቦ አድራሻውን ጽፎ ነበር፤ እንዲህ የሚባል ገጽ የለም አላቸው። ፍሬምናጦስ አሁንም ነገሩን በብሮውዘሩ አላከከ። ከዚያ በትክክል መጻፉን ጠየቀ።

«በትክክልማ ጽፈናል» አሉት። «ሴትዮዋ የግድግዳውን ፎቶ ልከውልን የለ? እሱን እያየን ነው የጻፍነው።»

ይኼኔ ነው ለፍሬምናጦስ የገባው። ለሰው ጆሮ ሁለቱም ፀሐይ ነው፤ ለማሽን ግን ጸ እና ፀ ባዳ ለባዳ ናቸው። ሁለት ሳምንት ብሮውዘሩን ሲረግም የከረመው ለካ ጥፋቱ በገዛ ጣቱ ኖሯል። ኮሚቴውን በስልክ ቢያርመው እንኳ፣ ሾፌሮቹም የሚጽፉት የግድግዳውን ነው። ኮሚቴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚሞክር ሰምቶ፣ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ ባጃጅ ያዘና ሎጊያ ወረደ።

ለእትዬ ሰዓዳ ሁሉንም ተናዘዘ። የግድግዳው ጽሑፍ በፊደል ሥርዓት ስህተት ስለሆነ አርሜው ነበር አላቸው። እሳቸው አልተቆጡም። ወንበር አወጡለት። ፍሬምናጦስም ከግድግዳው ፊት ተቀምጦ፣ ቀና ጎንበስ እያለ፣ አንድ በአንድ ገለበጠ። ጸሎቱ ጸ። ሃሌታው ሀ። አዲሱን አድራሻ አስመዝግቦ ከዋናው ገጽ ጋር ካገናኘው በኋላ እስኪከፍት ከመጠበቅ በቀር የሚሠራው አልነበረም። በስምንት ሰዓት አልከፍት አለ። ስምንት ተኩልም እንደዚያው። እትዬ ሰዓዳ ሰግደው ተመለሱና አጠገቡ ተቀመጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ስልኩ ጮኸ።

«ይኼ ያንተ ኤክስ ኤን በስብሰባው ኮምፒውተር ላይ ዛሬም አልለቀቀንም» አሉ አቶ ደስታው። «ግን ተከፍቷል። ሾፌሮቹ ከሰኞ ጀምሮ ይመጣሉ።»

ፍሬምናጦስ እፎይ ብሎ ለእትዬ ሰዓዳ ነገራቸው። የጠበቀው ምርቃት ነበር። እሳቸው ግን ዐይናቸውን ከግድግዳው አልነቀሉም። ታጁ የሚሉት ባላቸው ከሦስት ዓመት በፊት ገላፊ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ነው የሞተው። ፀሐይ የታጁ እናት ስም ነው።

«ታጁ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው» አሉ። «እሱ ሲጽፍ መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። የእናቱን ስም እኮ ነው የጻፈው። እውነት ስህተት ነው?»

ፍሬምናጦስ ጸውን አየ፣ ሀውን አየ። የሰማያዊው ቀለም ጫፍ ወደ ታች ፈስሶ እንደደረቀ ነው።

«አይደለም እትዬ» አለ። «ልክ ነው።»

የኔታ ቢሰሙት አርጩሜ ይቆርጡለት ነበር።