ያልሰማችው ፉጨት

የፊልም ድምፅ በማቀናበር ሥራ የሚያውቋት ሁሉ «ጆሮ» ነበር የሚሏት። ተዋናይ የዋጠው ቃልም ሆነ ሁለት ክፍል አልፎ የሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ አያመልጣትም ነበር።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ አጠገቧ ተቀምጦ ያለቀውን ፊልም ሲያዳምጥ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ፉጨት አይረብሽሽም?»

«የቱ ፉጨት?»

«ቀልዱን ተይውና አጥፊው። ጆሮ ይበሳል እኮ።»

መልሳ ከፈተችው። የሴትዮዋ ልቅሶ ይሰማታል፣ የበሩ መዘጋት ይሰማታል፤ ፉጨት ግን የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ደረሰባት። እሱ ሲወጣ ስክሪኑ ላይ የድምፁን ሞገድ እያየች በዓይኗ ፈልጋ አገኘችውና አጠፋችው።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ መርምራ ቀጫጭን ድምፆች ከሁለቱም ጆሮዎቿ እንደሄዱ፣ እንደማይመለሱም ነገረቻት።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ማዳመጥ።»

 ሐኪሟን አመስግና ወጣች፣ ዳቦ ገዛች፣ ቤቷ ገባች። ውስጧ ማደንዘዣ እንደተወጋ ድድ ሆኗል፤ ቢነክሱትም አያምም።

እጇን ይዞ ሙያው ውስጥ ያስገባት ጊታር ተጫዋቹ ታላቅ ወንድሟ ነው። ስትነግረው ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

«ከድምፅ ማጉያ ሥር ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ።»

«ተው ጋሼ፣ የማንም ጥፋት አይደለም።»

«ደሞ አታለቅሺም?»

«እንጃ፣ አልመጣልኝም።»

«በቃ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሽ ሥሪ። ስክሪኑ አለልሽ፣ ማን ያውቃል?»

«ጆሮ» ያለው ሳያስበው ነበር። ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ እሱ ሳቁን ሳይጨርስ አለቀሰ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደች። «ፉጨቱን ያጠፋሁት አይቼ እንጂ ሰምቼ አይደለም። የመጨረሻውን ቅንብር ሌላ ሰው ይሥራው» አለችው። እሱ «እግዜር ያውቃል፣ በዚህ ከተማ እንዳንቺ ያለ የለም» አለና ሌላ ሰው ጠራ።

አሁን ሬዲዮ ጣቢያ ድራማ ታዘጋጃለች፤ የሰው ንግግር ደህና ይሰማታል። ከስቱዲዮው መስታወት ወዲህ ሆና «እንደገና፣ ሳትጮህ» ስትል ተዋናዮቹ ይታዘዟታል። ማጀቢያውን ወንድሟ ይጫወታል፤ ጊታሩ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው የሚሰማት።

«እንዴት ነው?» ይላታል ከመስታወቱ ማዶ።

«ጥሩ ነው ጋሼ» ትለውና ቀጣዩን ተዋናይ ታስገባለች።