ሁለት ጊዜ መታ መታ

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኝ እጇ በጀሶ ከታሰረ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። የሰበራት ቦርሳዋን ሊቀማ የሱቋ ደረጃ ላይ የጠበቃት ሌባ ነው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ሌባውን ብቻ ረግሜ ብተኛ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ግን ስድስት ዓመት ኩንግ ፉ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

በእኛ ክፍል አንድ ደንብ አለ። እጁ የተጠመዘዘበት ሰው ሲያመው የያዘውን ሰው ክንድ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ ያኛውም ወዲያው ይለቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ተማሪ አልተሰበረብኝም እያልኩ ደረቴን ነፍቼ የኖርኩት በዚህ ደንብ ነው።

ሆስፒታል ሄጄ "እጅሽን ሲይዝሽ ምን አደረግሽ?" አልኳት።

"መታ መታ አደረግኩት" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። "ከዚያ እስኪለቀኝ ጠበቅኩ።"

ትራሷን አስተካከልኩላት።

"ጋሼ፣ ለክፍሉ ልጆች ንገራቸው። እነሱም እንደኔ ይጠብቃሉ።"

"እሺ" አልኳት። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ሳምንት አለፈ። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ከነገርኳቸው ማን ተመልሶ ይመጣል?

ዛሬ ከሰዓት ቁምሳጥን የምንለውን ግዙፍ ተማሪዬን እየጣልኩ ለልጆቹ አሳያለሁ። ቁምሳጥን ጨዋ ነው፤ ገና ሳልነካው ይወድቃል። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና ጫማዋን አውልቃ ገባች።

"ነገርካቸው?"

"ልነግራቸው ነው።"

በግራ እጇ ሁለት ጣቶቼን ያዘችና ወደ ኋላ ቆለመመቻቸው። እኔው ያስተማርኳት አያያዝ ነው። ማምለጫውንም አውቃለሁ፤ ክርኔን ዝቅ አድርጌ ዞርኩ። ቁምሳጥን ቢሆን ይህን ጊዜ መሬት ላይ ነበር። እሷ ግን አብራኝ ዞረች፤ ዓመታት ሙሉ ጨርቅ ጨብጦ የኖረ እጅ ነው። ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ወጣ። ሌላ ነገር ልሞክር ስል፣ ነጻ የነበረው እጄ ሳላዘው ክንዷን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ።

አልለቀቀችም።

ቁምሳጥን ሊገላግለኝ ብድግ አለና ባለበት ቀረ። የእህቴ ፊት በእንባ ርሷል፤ ጣቶቿ ግን አልላሉም።

"አሁን ንገራቸው" አለችኝ።

ጣቶቼ እጇ ውስጥ እንዳሉ ነገርኳቸው።