የሻለቃ ኤግበርት እርምጃ

ነጭ ጉም ነበረ በሣሩ ላይ የተኛው…

ዛፍ አይታይም፤ ወፍጮ ቤት አይታይም፤ የኦስትሪያ ጦር አይታይም። ጉም ብቻ። የፕሩሲያው ሻለቃ ኤግበርት ፎን ሮታው ከስድስቱ መድፎች አጠገብ ቆሞ ካርታውን ይመለከታል። በገዛ እጁ የነደፈው ነው፤ በገዛ እግሩ የለካው።

እግሩ ነበረ የኤግበርት ሀብት። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ጦር ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ከበሩ እስከ ድልድዩ ያለውን ርቀት ሰባት ጊዜ በእርምጃ ለካ። ሰባት ጊዜም ያው ቁጥር ወጣ። መምህራኑ በገመድ ቢለኩት ያው ሆነ። ሌላው በፈረሱ ሲታወቅ፣ ሌላው በጎራዴው ሲታወቅ፣ እሱ በእርምጃው ታወቀ። መቶ አለቃ ሆነ፤ ሻምበል ሆነ፤ ሻለቃ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሜዳና ኮረብታ እየለካ ለመድፈኞች ካርታ አወጣ።

የኤግበርት እርምጃ አይሳሳትም…

«ከወንጌል ቀጥሎ የሻለቃው እግር ነው የሚታመነው» ይሉ ነበር መድፈኞቹ።

ከሁለት ዓመት በፊት በዴንማርክ ጦርነት ጥይት ጭኑን በሳው። ሦስት ወር ተኛ። ከሆስፒታል ሲወጣ ታናሽ ወንድሙ ሻምበል ኩኖ በሩ ላይ ይጠብቀው ነበር።

«እንግዲህ ንጉሡ አዲስ እግር ይግዛልህ!» አለው ኩኖ እየሳቀ።

«ምን በወጣው! አሮጌው ይቆጥራል።»

ይቆጥራል… አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ጠላት ወፍጮ ቤቱን ከመያዙ በፊት፣ ከመድፎቹ እስከ ወፍጮ ቤቱ ግንብ ቆጠረ። ሁለት ሺህ እርምጃ። አሥር አለቃ ሉድከ የካርታውን ቦርሳ ተሸክሞ እንደ ልማዱ ከኋላው ተከተለ። 

ዛሬ ጠላት ከግንቡ ጀርባ መሽጓል። የኩኖ ጭፍራ ደግሞ ጉሙን ተገን አድርጎ ዞሮ፣ ከግንቡ ማዶ ካሉት የፖም ዛፎች ሥር አድፍጧል። መድፉ ግንቡን ሲያፈርስ ከኋላ ሊገባ…

«በሁለት ሺህ!» አለ ኤግበርት።

መድፎቹ ተራ በተራ አጓሩ። ግንብ ሲፈርስ አልተሰማም። ጥሩምባ ነበረ የተሰማው። የራሳቸው ጥሩምባ፣ ከፖም ዛፎቹ በኩል። ተኩስ አቁሙ… ተኩስ አቁሙ…

ስድስተኛው መድፍ ሳይቆም ተኮሰ።

ጥሩምባው መሐል ላይ ተቆረጠ።

ኤግበርት ካርታው ላይ አጎነበሰ። «አይሆንም» አለ። «ሁለት ሺህ ነው። እኔው ራሴ ቆጥሬዋለሁ።»

ሉድከ የራስ ቁሩን አወለቀ። «ክቡር ሻለቃ… እኔም ከኋላዎ ቆጥሬያለሁ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ።»

«ምን አልክ?»

«ከቆሰሉ ወዲህ እርምጃዎ አጥሯል፤ ቁጥሩ ይበዛል። መድፈኛው ሁሉ ያውቃል። ማን ደፍሮ ይንገርዎ? እኛው በሆዳችን እየቀነስን ነበር የምንተኩሰው።»

«ዛሬስ?»

«የዛሬዎቹ ትናንት ማታ የመጡ ናቸው። እርስዎን በዝና ብቻ ነው የሚያውቁዎት። ሌላ ሰው የነገራቸው… መስሎኝ።»

ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሰላምታ ሰጡት። ሁለት ዓመት ካርታውን በአክብሮት ተቀበሉት። ሁለት ዓመት፣ ፊቱን ባዞረ ቁጥር፣ ቀነሱ።

የኤግበርት እርምጃ አይሳሳትም… ብለው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ጠላት ወፍጮ ቤቱን ለቅቆ ሄደ። ኤግበርት ወደ ዛፎቹ ሊሄድ እግሩን አነሣ። ከንፈሩ በልማድ ተንቀሳቀሰ። አንድ… ከአንድ አላለፈም።

«ቅደም፣ ሉድከ» አለ። «እኔ እከተልሃለሁ።»

ኩኖን ከሦስተኛው ዛፍ ሥር አገኘው፤ የጥሩምባ ነፊውን ትከሻ እንደያዘ፣ ሁለቱም በግንባራቸው ተደፍተው። ፀሐይ ወጥታለች። እያንዳንዱ ቅጠል ጥርት ብሎ ይታያል።

ጉም አልነበረም በሣሩ ላይ የተኛው።